መርማሪዋ ያላጠበችው

ላውንደሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። መርማሪዋ ነው የሚሏት። ደንበኛ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ጎንበስ ብላ እድፉን ታየዋለች፤ በጥፍሯ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች፤ አንዳንዴም ታሸተዋለች። ከዚያ ፍርድ ትሰጣለች።

«ይሄ ሻይ ነው፤ ወተት ያለበት። ሦስት ቀን ሆኖታል።»

«ይሄ ዝገት ነው። እርጥብ ልብስ ሽቦ ላይ አስጥታችኋል።»

«ይሄ የእስክሪብቶ ቀለም ነው። ቤት በሳሙና አሽታችሁታል አይደል? ባትነኩት ይሻል ነበር።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እሷም የእድፉን ዓይነት፣ መጠኑንና ልብሱ የገባበትን ቀን ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ ወረቀት ላይ ትጽፍና በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ትሰካዋለች። መጠኑን የምትለካው በቁልፍ ነው። ትንሹ የሸሚዝ ቁልፍ፣ መካከለኛው የኮት ቁልፍ፣ ትልቁ የካፖርት ቁልፍ። ከወረቀቱ ግርጌ «መረከቢያ ቀን» የሚል መስመር አለ። ያንን የምትሞላው እድፉ እንደሚለቅ እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ነው።

ሥራ በጀመረችበት ሰሞን አንድ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ነጭ ሸሚዝ አስረከበ። «የቲማቲም ስልስ ፈሶብኝ ነው» አለ ኮሌታውን እያሳየ። እሷም አየት አድርጋ «ኧረ ጋሼ፣ ሊፒስቲክ ነው። አይጨነቁ፣ ይለቃል» አለችው። በእርግጥም ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ባልና ሚስቱ አብረው መጥተው አያውቁም። ያን ዕለት ከኋላ ሆነው ልብስ የሚተኩሱት እትዬ ካውያ ጠሯትና «ስሚ ልጄ፣ እኛ የምንከፈለው እድፍ ልናስለቅቅ ነው፤ ትዳር ልናስለቅቅ አይደለም» አሏት።

እትዬ ካውያ ከካውያው እንፋሎት ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩ፣ ፊታቸው ሁልጊዜ ላብ ያለበት፣ የማያዩት ነገር የሌለ ሴት ናቸው። መርማሪዋ የምታውቀውን ሁሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት የደም ነበር። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ወዲያውኑ። ሙቅ ውሃ ከነካው ይበስልና ጨርቁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ደም ሲያዩ አይቆምም፣ አይታሰብም፣ አይጠየቅም። ወደ ቀዝቃዛው ቧንቧ ይሮጣል። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ስትሠራው ከእጇ ጋር ተዋህዶ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ከተጀመረ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ከላውንደሪው ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ገባች። የውስጥ ሱሪዋ ላይ ደም ነበረ። ደማቅ ቀይ።

እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። አወለቀችው፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ከመደርደሪያው ላይ የተቆረጠ ሳሙና አነሳች፣ አሸች፣ አለቀለቀች፣ ጨመቀች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ጨርቁ ነጭ ሆነ። ወደ ብርሃኑ አነሳችና አየችው፤ ምንም የለበትም። ሌላ ቅያሪ ስላልነበራት እርጥቡን መልሳ ለበሰችው። ቅዝቃዜው ጭኗን ሲነካት ነው ምን እንዳጠበች የገባት።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውጭ የማሽኑ ከበሮ ይሽከረከራል፤ የአንድ ሰው ሳቅ ይሰማል። እሷ የሰባት ሳምንት እርጉዝ ነበረች፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሷና ባሏ ብቻ ነበሩ። ሦስት ወር ሳይሞላው ለማንም አንናገርም ብለው ተማምለዋል። እንዲህ ያማማላቸው ከሁለት ዓመት በፊት የሆነው ነገር ነው።

ያኔም በደም ነበር የጀመረው። ሥራ ላይ አልነበረችም፤ ቤት ነበረች፤ ባሏ ወጥቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሆዷን ሲቆርጣት ዋለ። የወረደውን ሁሉ፣ ጨርቁን፣ አንሶላውን፣ የወለሉን ምንጣፍ አጠበችው። ባሏ ሲመለስ ልብሱ ሁሉ ገመድ ላይ ነጭ ሆኖ ተሰቅሎ ደረሰ። «ዛሬ ደግሞ ምን ዓመት በዓል መጣ?» ብሎ ቀለደ። እሷ «ሄደ» አለችው። እሱ ማን እንደሄደ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ያ ነገር እንደነበረ የሚያሳይ አንዳችም ምልክት በቤቱ አልተገኘም። ሐኪም ዘንድም አልሄደችም፤ ሄዳ ምን ልታሳይ? አንዳንድ ቀን ራሷ እንኳ እውነት ሆኖ ነበር ወይ ብላ ትጠራጠር ነበር። እንዲህ አድርጋ ማጠቧ ነው ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግባት።

ቁራጭ ጨርቅ አጥፋ አደረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማ ሄደች። ጨርቁን አጠበች። ሦስተኛ ስትሄድ ጨርቁን በጨው ውሃ ልትዘፈዝፈው በትንሹ ሳፋ ይዛው ወጣች። እትዬ ካውያ ካውያውን ቀጥ አድርገው አቆሙ።

«ማነው በጠዋቱ ደም ያመጣብን ደንበኛ?»

«አንድ… ሥጋ ሻጭ ነው፣ እትዬ።»

«ሥጋ ሻጭ!» አሉ ወደ ሳፋው እያዩ። «ሥጋ ሻጭ ሽርጡን ነው የሚያመጣው። ይቺን የምታህል ጨርቅ ምን ሊያደርግባት?»

መርማሪዋ ልትስቅ ሞከረች፤ አፏ አልታዘዝ አላት። ሳፋው ዘመመና ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ካውያ መጥተው ሳፋውን ተቀበሏት።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አሏት በጆሮዋ።

«ሁለት አልሞላኝም።»

«ታዲያ ቆመሽ ጨርቅ ታጥቢያለሽ? አንቺ ልጅ ምን ነካሽ!» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት። «አትደንግጪ። የመጀመሪያ ልጄን ስይዝ አንድ ወር ሙሉ ደምቻለሁ። ዛሬ አይተሽው የለ፣ በር የማያሳልፈው ጎረምሳ ሆኖ ምሳ በቀን ሁለቴ ይበላል።»

«ሌሎቹንስ ሲይዙ?»

እትዬ ካውያ ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እሱን ሌላ ጊዜ» አሉና ስልኳን አቀበሏት። «ባልሽን ጥሪው።»

ባሏ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በፍጥነቱ ምክንያት ጓደኞቹ ጀት ይሉታል። እሱ መሪ ከያዘ ተሳፋሪ ወንበሩን ይጨብጣል፤ አንዳንዱም ጸሎት ይጀምራል። ያን ዕለት ስልኩን ሲሰማ ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ ይቅርታ ጠይቆ አውርዶ መጣ። እሷን ከፊት አስቀመጣት፤ ጃኬቱን አጥፎ ከስሯ አደረገላት፤ ከዚያ መኪናውን እንደ ሕፃን ጋሪ መግፋት ጀመረ። አንድም ጉድጓድ ዝም ብሎ አላለፈም፤ ለእያንዳንዱ ይቆማል፣ በአንድ ጎማ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ አቀለጡት። አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ከጎናቸው ደርሶ በመስኮት ብቅ አለ።

«ወንድሜ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?»

«አዎ» አለው ጀት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «አንዲት ብቻ።»

እሷ ያኔ ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ አንድ ነገር ሞቅ ብሎ ሲወርድ ተሰማትና ሳቋን መሃል ላይ ዋጠችው። ከዚያ በኋላ ትንፋሿን እንኳ በቁጠባ ነበር የምትተነፍሰው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው አዋላጅ ነርስ ቀጭን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሴት ነበረች። ካርድ አወጣችና መጠየቅ ጀመረች።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ሲስተር።»

«ምን ያህል ነው?»

«ብዙ… ማለቴ፣ ብዙም አይደለም።»

«ስንት ሞዴስ ለወጥሽ?»

«ሞዴስ አላደረግኩም፤ ጨርቅ ነው። አጠብኩት።»

«ቀለሙስ? ደማቅ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? የረጋ ነገር ነበረበት?»

የሰው እድፍ አይታ ስንት ቀን እንደቆየ የምትናገር ሴት፣ ከራሷ አካል ስለወጣው ነገር አንድ ቃል መናገር አቃታት። አላየችውማ። ሦስት ጊዜ በእጇ ይዛው ሦስቱንም ጊዜ እንዲጠፋ ነበር የተቻኮለችው። የመጀመሪያው ቀይ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የውሃ ድምፅ ብቻ ነው።

«ሁሉንም አጠብሽው?»

«ሁሉንም።»

«አሁን የለበስሽውንስ?»

«እሱንም። እርጥብ ነው» አለች፣ ፊቷ እንደ እሳት እየነደደ።

አዋላጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ በዚህ ክፍል ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ታጥባና ተለቅልቃ የመጣችልኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» ከዚያ ፊቷ ለስለስ አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አትጠቢው። ሞዴስ አድርጊ። ስትለውጪው ተመልከቺው። ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ያዢልኝ። ደስ እንደማይል አውቃለሁ። እኔ ግን ያላየሁትን ነገር የማውቀው በአንቺ ዓይን ነው።»

«ትናንት እርጥብ ብርድ ልብስ አንስቻለሁ» አለች መርማሪዋ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ይሄ ነበር። «ከባድ ነው። ሁለት ሰው ነበር ማንሳት የነበረበት፤ እኔ ብቻዬን…»

«በኔ መኪና መንገጫገጭም ሊሆን ይችላል፣ ሲስተር» አለ ባሏ ከበሩ። «ባለፈው እሑድ ይዣት ስሄድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ነበር።»

«ሁለታችሁም ወንጀሉን ተሻማችሁት» አለች አዋላጇ። «ብርድ ልብሱም ጉድጓዱም አይደለም። ከአራት እርጉዝ ሴቶች አንዷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ታያለች፤ ብዙዎቹም ደህና ይወልዳሉ። የማይቆይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጽንሱ ሲጀመር ጀምሮ የነበረ ችግር ነው እንጂ እናቲቱ ያደረገችው አይደለም። ይህን ዛሬ አታምኚኝም። ግን ሰምተሽ ሂጂ።»

ከክንዷ ደም ተቀዳላት፤ የደም ዓይነቷ ታየ፤ በዚያ በኩል የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ተነገራት። ከዚያ ዶክተሩ በአልትራሳውንድ አያት። ወጣት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ማያው ላይ ግራጫ ጭጋግ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ባቄላ የመሰለ ነገር ታየ።

«ከረጢቱ በማህፀንሽ ውስጥ ነው ያለው፤ ይሄ ጥሩ ነው» አላት። «የልብ ምት ግን ገና አላየሁም። ቀኑን ተሳስተን ገና ትንሽ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ…»

«ወይም ምን?»

«ወይም አይቀጥልም። ዛሬ መለየት አይቻልም። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሺ።»

«አሥር ቀን ሙሉ ምን ላድርግ?»

«ጠብቂ።»

ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳለችው ትዝ አላት። ሰርግ የደረሰባት ሙሽራ፣ የሟች እናቱን ሻርፕ ያመጣ ሽማግሌ። «ሊለቅም ላይለቅም ይችላል፤ እስክናየው አናውቅም፤ ሐሙስ ተመለሱ።» እንደዋዛ ነበር የምትናገረው። እነሱ እስከ ሐሙስ እንዴት እንደሚቆዩ አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

ስትወጣ አዋላጇ እጇን ያዘቻት። «አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሞላ፣ ሆድሽን ክፉኛ ከቆረጠሽ፣ ትከሻሽን ካመመሽ፣ ካዞረሽ ወይም ካተኮሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በማንኛውም ሰዓት ነይ። እሺ?»

በማግሥቱ እትዬ ካውያ ከላውንደሪው ባለቤት ዘንድ ገብተው «የመርማሪዋ ወገብ ተቀጭቷል፤ ከባድ አታነሳም» ብለው ተናገሩላት። ባለቤቱ «ወገብ አላት እንዴ? እኔ እንደጎበጠች ነው የማውቃት» አለና ጠረጴዛው ላይ ብቻ እንድትሠራ ፈቀደ። እትዬ ካውያ ደግሞ ከመሳቢያ የእድፍ ወረቀት አንድ ጥራዝ አወጡና በኪሷ ከተቱላት። «እንዲያው በቃል አትያዢው፤ ሲጨንቅ ሁሉም ይምታታል» አሏት።

እንዲህ ነው የጀመረችው፤ መጀመሪያ የማክሰኞ ከሰዓቱን ከትዝታዋ ጻፈች። ከመጸዳጃ ቤት በወጣች ቁጥር ለደንበኛ እንደምትጽፈው አድርጋ ትጽፋለች።

«ማክሰኞ፣ ከሰዓት። ቀይ። የኮት ቁልፍ።»

«ረቡዕ፣ ጠዋት። ቡናማ። የሸሚዝ ቁልፍ።»

«ረቡዕ፣ ከሰዓት። የለም።»

«ሐሙስ፣ ጠዋት። ቀይ። የኮት ቁልፍ ሁለት።»

መረከቢያ ቀን የሚለውን መስመር ባዶ ትተወዋለች።

ማየቱ እንዲህ የሚያስፈራ ይሆናል ብላ አላሰበችም። በር ዘግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ ሦስት ቆጥራ ነው የምትገልጠው። አንዳንዴ ስድስት ትቆጥራለች። እጆቿ በራሳቸው ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ፤ ትመልሳቸዋለች። መጸዳጃ ቤት መግባት ፈራች፤ አለመግባትንም ፈራች። ውሃ መጠጣት ቀነሰች፤ ካልጠጣሁ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አላይም በሚል ሐሳብ። ባሏ የውሃውን ጠርሙስ ሙሉውን ሲያገኘው ነቃባት። «የኔ መኪና እንኳ ራዲያተሩ ውሃ ከሌለው አይነሳም» አለና አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጠብታ ሳይቀር አስጠጣት።

ማቅለሽለሹ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነ። ሲያቅለሸልሻት ደስ ይላታል፤ አንድ ጠዋት ደህና ሆና ከተነሳች እጅ እግሯ ይተሳሰራል። ባሏ ከመውጣቱ በፊት ሁሌ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«አስታወከሽ?»

«አዎ።»

«እሰይ! ተመስገን!»

ጎረቤታቸው ይህን በግድግዳ ሰምታ «ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ይጠላታል መሰለኝ» ብላ ለሌላዋ ነገረች።

ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ባሏ ቤት ቀድሟት ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ደስ ብሎት ያሻሻል። ጠዋት ሞዴሱ አልፎ የነካውን ቀሚሷን ነው። ከሳፋው እንፋሎት ይወጣል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እንዳትደክሚ ብዬ ነው። ውሃ አሙቄ…»

«በሙቅ ውሃ! ደም በሙቅ ውሃ!»

እሱ ቀሚሱን ከሳፋው አውጥቶ አነሳው። እድፉ በስሎ፣ እንደ ዝገት ቡናማ ሆኖ፣ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የመርማሪዋ ባል፣ የዘጠኝ ዓመት ባሏ፣ ይህን አያውቅም ነበር። ፊቱ እንደተቆጡት ልጅ ሲሆን አየችውና ሳቋ አመለጣት። ስቃ ስቃ ለቅሶ ሆነባት። እሱም አረፋ የሞላ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አየር ላይ ይዞት ቆመ።

«ይለቃል?» አላት በመጨረሻ።

«አይለቅም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ተወው» አለችው። «ይኑር።» ቀሚሱን አድርቃ አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው እንዲህ አንድ ቀሚስ እንኳ አልተረፈለትም።

ቅዳሜና እሑድ ቡናማ ነበር፤ ጥቂት። ቡናማ ማለት ያደረ ደም ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ለራሷ ተስፋ ለመስጠት አልደፈረችም። የተቋረጠ ነገርም ያደረ ደም እንደሚያመጣ ታውቃለችና።

ሰኞ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ አንዲት ደንበኛ የመጋረጃ እድፍ እያሳየቻት ሳለ ታችኛው ሆዷን ጨምደድ አደረጋት። ለቀቃት። ደግሞ ያዛት። «አንዴ ይቅርታ» ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። በሩን ዘጋች። ሳትቆጥር ገለጠችው።

ደሙ ብዙ ነበር። መሃሉ ላይ የረጋ፣ ጥቁር ቀይ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ነገር ተቀምጧል።

እጇ ቧንቧውን ያዘ። ቀዝቃዛው ብረት መዳፏ ውስጥ ነበር፤ አንዴ ብታዞረው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ልክ እንደ ያኔው። ማንም አያየውም፤ እሷም አላየችውም ማለት ነው። እዚያው ቆማ አንድ ሰው «አትጠቢው» እስኪላት የጠበቀች ይመስል ነበር። ማንም አልነበረም። እጇን ከቧንቧው ላይ ራሷ አነሳችው።

ጎንበስ ብላ የሌላ ሰው ልብስ እንደምታይ አየችው። ዓይኗ ሥራውን ያውቃል። ከዚያ ኮት የሚሸፈንበትን ላስቲክ ቀድዳ ከነሞዴሱ ጠቀለለችው። ኪሷ ውስጥ ካለው ጥራዝ አንድ ወረቀት ገነጠለች። ፊደሎቿ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ተንጋደዱ። «ሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። ጥቁር ቀይ፣ የረጋ። የካፖርት ቁልፍ። ሕመም አለ።»

እትዬ ካውያ ፊቷን እንዳዩ ካውያውን ነቅለው ነጠላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና እስከ በር ደግፈው ወሰዷት።

እትዬ ካውያ ደውለውለት ጀት በስድስት ደቂቃ ደረሰ።

«ቀስ በል» አለችው መኪናው ሲነሳ።

«ዛሬ ቀስ አልልም» አላት። እንዳለውም ቀስ አላለም። ጉድጓዶቹን ሁሉ አውቋቸው ነበርና በመካከላቸው እንደ እባብ ተጥመለመለ። እሷ በአንድ እጇ እጅጌውን፣ በሌላው ላስቲኩን ይዛለች። በልቧ አንድ ነገር ትደጋግም ነበር፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ለማን እንደምትለው አታውቅም።

አዋላጇ ላስቲኩን ተቀበለች፤ ወረቀቶቹንም። ቆማ አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

«የኮት ቁልፍ ምንድን ነው?»

መርማሪዋ በጣቶቿ አሳየቻት።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

አዋላጇ ጓንት አድርጋ የረጋውን ነገር መብራት ስር በጥንቃቄ ገልጣ አየችው። የክፍሉ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። «የረጋ ደም ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ነገር አላየሁበትም። ግን እኔ ብቻዬን አልፈርድም። ነይ፣ ዶክተሩ ይይሽ።»

ባሏ ከበሩ ውጭ ቀረ። እሷ ጀርባዋ ላይ ተኛች። ቀዝቃዛው ቅባት ሆዷን ነካት። ዶክተሩ ማያውን ወደ ራሱ አዞረ። ወደ እሱ ፊት ማየት ስለፈራች ወደ ኮርኒሱ አየች። ኮርኒሱ ላይ ጠርዙ ቢጫ የሆነ እድፍ አለ። የጣሪያ ውሃ ነው፤ ሁለት ክረምት አልፎበታል፤ አንዴ ቀለም ቀብተውት ተመልሶ መጥቷል። የካፖርት ቁልፍ አሥር። እዚያው ላይ ዓይኗን ተክላ ስታነብ፣ ስታነብ ቆየች፤ ካቆመች የምትወድቅ ይመስል።

«ይሄውልሽ» አለ ዶክተሩ።

ማያውን አዞረላት። ጥቁሩ ባቄላ አድጓል። በውስጡ፣ ጠርዙ ላይ፣ ከምንም የምታንስ ነጭ ነጥብ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም ትላለች። የእትዬ ካውያ ካውያ መሞቅ ሲጀምር የምትበራውን ትንሽ መብራት ትመስላለች፤ ይቺ ግን ትፈጥናለች፤ እንደሚሮጥ ሰው።

«ይሄ ልቡ ነው?»

«ልቡ ነው።»

«ባሌን… ባሌን ጥሩልኝ።»

ጀት ገብቶ አየ። አፉን በእጁ ያዘ። «ይሄማ ከኔም ይበልጥ ይነዳል» አለ።

ዶክተሩ ግን ሥራውን አልጨረሰም ነበር። ከከረጢቱ ጎን ያለች ጥቁር ጥላ በጣቱ አሳያት። «እዚህ ደም ተጠራቅሟል። የምታዪው ከዚህ የሚመጣ ነው። ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል፤ ሊፈስም ይችላል። ስለዚህ ነገ ደም ብታዪ ሁሉም አበቃ ማለት አይደለም። አለቀ፣ ዳነ ብዬም አልነግርሽም። ዛሬ ልቡ እየመታ ነው። የምለው ይሄን ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናየዋለን።» ቀጥሎ ከጽንሱ መጠን ቀኑን አስልቶ የመውለጃዋን ቀን ነገራት።

መኪናው ውስጥ ሞተሩ ሳይነሳ ብዙ ተቀመጡ። እሷ የሰኞውን ወረቀት ከሌሎቹ ለይታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታው ነበር። ግርጌው ላይ ያለው መስመር ባዶ ነው።

«ጻፊው እንጂ» አላት ባሏ። «ቀኑን ነግሮሽ የለ።»

«እርግጠኛ ካልሆንኩ አልጽፍም። አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም።»

እሱ ከመስታወቱ ጥግ የተሳፋሪ ብዛት የሚያሰላበትን እርሳስ አንስቶ ሰጣት። «በእስክሪብቶ ማን አለሽ?»

እርሳሱን ተቀበለችው። ቆይታ፣ ጫፉን ወረቀቱ ላይ ሳትጫን፣ በቅርብ ካላዩት እንዳይነበብ አድርጋ ቀኑን ጻፈችው።

በማግሥቱ ጠዋት ከሥራ በፊት የቤታቸውን መጸዳጃ በር ዘግታ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች፤ እስከ ሦስት ቆጠረች፤ አልቻለችም፣ እስከ ስድስት ቆጠረች። ገለጠችው። ቡናማ ነው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ። ከውጭ ባሏ በሩን አንኳኳ።

«ምንድን ነው?»

«ያደረ ነው» አለችው። «ትንሽ።»

«አስታወከሽ?»

«ገና።»

ከበሩ ስር እርሳሱን አሾለከላት። ጎንበስ ብላ አነሳችው።